ከጫፍ የተጨመረው ናሙና

ላቦራቶሪያችን ውስጥ «ቁጭ ብድግ» የምንላት ልጅ ነበረች። አንድ ቦታ አትረጋም። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰባት። የዶክትሬት ጽሑፏን ልታስረክብ ጥቂት ሲቀራት ገምጋሚዎቹ አንዱን ሙከራ ድገሚው አሏት። እናቷ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። በደወሉ ቁጥር «ብርሃኔ ሳይጠፋ ተመርቀሽ ልይሽ» ይሏታል።

ሥራዋ አንድ ኢንዛይም ማደን ነው፤ ሴል ውስጥ «ተባዛ» የሚለውን መልእክት የሚያቀብለውን። እሱን ብቻ ለይቶ ይይዛል የተባለ አንቲቦዲ በብልቃጥ ይሸጣል። የሴሎቹ ፕሮቲን በተለጠፈበት ስስ ወረቀት ላይ ሲፈስ፣ ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ለዓመታት ያመነችው ብልቃጥ ሊያልቅ ሲል አዲስ አስመጣች። በአዲሱ ሲሞከር መስመሩ ድራሹ ጠፋ።

«አዲሱ ተበላሽቶ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አልኳት። እሷ ግን አሮጌውን ጠረጠረች። ከአሮጌው የቀረችው ለአንድ ወረቀት ብቻ የምትበቃ ጠብታ ናት። የተጠየቁትን ናሙናዎች ደረደረችና ከጫፍ ማንም ያላዘዛትን አንድ ጨመረች፤ ኢንዛይሙ ጭራሽ የሌለባቸውን ሴሎች። እነሱ ላይ መስመር መውጣት የለበትም።

የወረቀቱ ፎቶ እስኪወጣ ኮሪደሩን ስትመላለስ እኔንም ራሴን አዞረችኝ። ወጣ። የተጠየቁት ሁሉ ሲያምሩ! ጫፉ ላይም ያው መስመር ተጋድሟል። አሮጌው ብልቃጥ ይህን ሁሉ ዘመን ሲይዝ የኖረው ሌላ ነገር ነው። ልፋቷን ውሃ በላው።

«ጫፉን ቁረጪውና ላኪ» አልኳት። እኛ ዘንድ ፎቶ መከርከም የየቀን ሥራ ነው። «እሱን ማን ጠየቀሽ?»

«እኔ ጠይቄ ነበር እኮ» አለች።

ሙሉውን ፎቶ ለሚያማክራት ፕሮፌሰር ላከችው። ተናደድኩባት፤ እንዲህ ያለ ግትር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ዘንድሮ አልመረቅም። የሠራሁት ስህተት ሆኖ ተገኘ። እንደ አዲስ መጀመሬ ነው።»

 

«እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ይደረጋል» አሉ እናቷ። «ስምሽ ሲጠራ እሰማ የለ።»