የጫነች አህያ አረጋገጥ

ታላቅ ወንድሜ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ግቢያችን ውስጥ ራሱ የሠራትን የብረት አህያ ለማስኬድ ይሞክር ነበር። የሚሠራው ጋራዥ ነበር። የጉለሌን ዳገት ጋሪ አይወጣውም፤ አህያ ግን እንጨት ተሸክማ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ስለዚህ ጎማውን ትቶ እግር ሠራ። አራት የብረት እግር፣ የብስክሌት ሰንሰለት፣ በእጅ የሚዞር ዘንግ። ያስቸገረው የእግሮቹ ተራ ነበር። የትኛው ቀድሞ ይነሣል?

የእውነተኛ አህያ አረጋገጥ አይቼ እንድጽፍለት ደብተር የሰጠው ለእኔ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የአህያ እግር ስቆጥር የክፍል ጓደኞቼ ቢያዩኝስ... አፈርኩ። አልሄድኩም። በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ በእጄና በጉልበቴ ዳኽሁ፤ የራሴን አካሄድ የአህያ ብዬ ጻፍኩ።

በጻፍኩት ተራ የተገጠመችው የብረት አህያ ያን ዓርብ ሁለት እግር ባንድ ጊዜ አነሣችና በጎኗ ወደቀች። አቆማት። ደግማ ወደቀች።

"ምን ዓይነት አህያ ነው ያየኸው ባክህ? ጠላ ጠጥታ ነበር እንዴ?"

ሳቅሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

"ጃንሆይ ፊት ሳቀርባት እንዲህ ብትዘረር አንተን ነው የምጠቁመው" አለኝ። "ግድ የለም። ነገ ገበያ ነው፤ እኔው ወንዙ መሻገሪያ ወርጄ አያለሁ። እዚያ አህዮቹ ቀስ ብለው ነው የሚረግጡት።"

በነጋታው ወረደ። እንጦጦ ላይ ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውሃ መጣ። አህዮቹ ተሻግረው ነበር አሉ። እሱ ከኋላቸው ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ሲያይ... ወሰደው። ታች አገኙት። ሳይመሽ ቀበርነው።

እሑድ ጠዋት ዕድርተኞች ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ሲደረድሩ አባቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጉብዝናው ዘመን ከሱሉልታ አህያ እየነዳ እንጨት ያመጣ ነበር። ከተማ ገብቶ ዘበኛ ከሆነ ወዲህ ግን ያን ሲያነሱበት ስለማይወድ ወንድሜ ጠይቆት አያውቅም። አባቴ ማንበብ አይችልም። አጠገቡ ተንበርክኬ ደብተሩን አነበብኩለት። ግራ የፊትና ቀኝ የኋላ፣ አንድ ላይ። ቀኝ የፊትና ግራ የኋላ፣ አንድ ላይ።

እስክጨርስ ሰማኝ።

"የጫነች አህያ እንዲህ አትረግጥም" አለ። "አንድ አንድ ነው የምታነሣው። ማነው ይሄን የጻፈው?"

"እኔ ነኝ አባባ። ሳላይ ነው የጻፍኩት። እሱ ወንዝ የወረደው... ለዚህ ነው።"