ከገርጂ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር

በደርግ ዘመን የምንኖረው ገርጂ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ገና ጤፍ ይዘራ ነበር። እኔ ቦሌ መንገድ አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ። አንዲት የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችን።

በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ አለ፣ አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘመቻ። ጊዜ የለኝም እል ነበር፤ አምኜበትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ባለቤቴ ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፤

«አስተማሪዋ አባትሽ ምን ይሠራል ብትላት፣ ይተኛል አለቻት።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያ ሳምንት ሰዓቴን ልብ ብዬ ተከታተልኩ። ስብሰባው የሚያልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እኔ ቤት የምገባው ሦስት ሰዓት። መሃል ላይ ያለውን ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር ቢራ ቤት ነበርኩ። ያንን ማንም አላስገደደኝም። ስብሰባውን ሳማ የኖርኩት ግማሹን በሐሰት ነበር።

ቢራውን ተውኩ፤ እንዲያም ሆኖ ምሽቱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ድንገት ስብሰባ ይጠራል። ጠዋት ግን የሚጠራ የለም። ስለዚህ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ሆንኩ። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛችን ነበረች የምትወስዳት።

የመጀመሪያው ቀን ልጄ ዝም ብላ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ሠራተኛችን ታማ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አይ፣ ደህና ናት» አልኳት።

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ቦርሳዋን ተቀብዬ ያዝኩላት።

ሰኔ ገብቶ ስለነበር ጭቃው አላስኬድ አለን። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን አረፈድኩ። የአስተዳደር ኃላፊው፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው፣ የፊርማ መዝገቡን ይዘው አስጠሩኝ።

«ጓድ፣ ሦስቱንም ቀን ከቀይ መስመሩ በታች ነው የፈረምከው።»

«ልጄን ትምህርት ቤት እያደረስኩ ነው፣ ጋሼ።»

«ሠራተኛ የላችሁም?»

«አለችን።»

«ታዲያ?»

አይደገምም ብዬ ወጣሁ። ማድረሱን ላቆም አስቤ ነበር፤ ለልጄ መንገሩ ግን አሳፈረኝ። በዚህ ፈንታ የምንነሳበትን ሰዓት በግማሽ ሰዓት አስቀደምኩት፤ የሁለታችንንም ጫማ ከእራት በፊት ማጽዳት ጀመርኩ፤ ደብተሮቿን ማታውኑ ቦርሳዋ ውስጥ እናስገባለን። ለሁለት ሳምንት ያህል ከበደኝ። ከዚያ በኋላ መነሣቱን ማሰብ ተውኩ፤ ዓይኔ ራሱ ይገለጣል።

ባልደረቦቼ «ሚስቱ አሠረችው» እያሉ ቀለዱብኝ። ሲሰለቻቸው ወደ ቢራ ቤት መጥራቱንም ተዉት።

ልጄ ማውራት የጀመረችው በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲከፈት ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬዋን ታቋርጥና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። አብዛኛው ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ነበር። የምመክራት ነገር አልነበረኝም፤ እሰማለሁ። አንዴ ሒሳብ እንዳልገባትና አስተማሪዋን እንደምትፈራ የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። እቤት ብጠይቃት የምትነግረኝ አይመስለኝም።

ስድስተኛ ክፍል ስትገባ፣ አንድ ሰኞ፣ በር ላይ ቆማ፣

«አባዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ብሄድ ይከፋሃል?» አለችኝ።

«አይከፋኝም» አልኳት። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ነቅቼ፣ ለብሼ፣ የምሄድበት ሳይኖረኝ ሳሎን ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ነጭ ጋዋኗን በእጇ ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣችና አየችኝ። ጤና ጣቢያው በዚያው በትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ ነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ከእኛ ዘግይታ ነበር የምትወጣው።

«ተነሥ እንጂ» አለች፤ «እኔም እኮ በእግሬ ነው የምሄደው።»