ዋና የማትችል ገመድ ያዥ

ቢቸና ተቀምጣ «ባለ ሸራ ጀልባ መንዳት መማር እፈልጋለሁ» የምትል ልጅ የሚጠብቃት መልስ ሁለት ነው፤ ወይ ጸበል ውሰዷት፣ ወይ ዳሯት። ለእኔ ሁለቱም ተብሎልኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ያኔ ሁሉም ሰው ለእኔ ሐሳብ ነበረው፤ ሱቅ ክፈች፣ ኮሌጅ ግቢ፣ አግቢ። እኔ ደግሞ ኔትወርክ በነበረበት አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንዲት ሴት አየሁ። ጀልባዋ በጎኗ ልትደፋ ስትል ጠርዙ ላይ ወጥታ በገዛ ክብደቷ መለሰቻት። እኔም ይህን እችላለሁ አልኩ። ሌላ የሚያምር ምክንያት የለኝም፤ ሰዎች ሌላ ከጠበቁ ይቅርባቸው።

ጀልባ መግዛት ስለማልችል የሰው ጀልባ ላይ በሠራተኛነት መግባት ነበረብኝ። ጣና ላይ ሰው አይጠፋም ብዬ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፤ «ጀማሪ ነኝ፣ ዋና አልችልም፣ ሥራ አልፈራም፣ ቦታ ያለው አለ?» አንዱ «ቢቸና ወደብ ተከፈተ እንዴ?» አለኝ። ሌላው ልምድ ጠየቀኝ፤ ጀልባ ላይ ሳልወጣ ልምዱ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቀው ጠፋ። ሦስተኛው መጀመሪያ ፎቶሽን ላኪ አለ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነልኝም። ቢያንስ ገመድ ልወቅ ብዬ መናኸሪያ ሄድኩና ጫኞቹ እህል የሚያስሩበት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጣሁ።

«አንቺ፣ ውረጂ፤ ወድቀሽ ታስፈጂናለሽ» አለኝ አንዱ።

«ገመድ ማሰር አስተምረኝ።»

«ምን ልታስሪበት?»

«ጀልባ።»

ወደ ጓደኛው ዞረ። «ስማ፣ ይቺ ልጅ የኖኅ ዘመድ ናት። ውሃው ሲመጣ እኛን ጥላን ልትሄድ ነው።»

ስቀው ሲጨርሱ አስተማሩኝ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ያሰርሽው ደጀን ሳይደርስ ከላላ አላሰርሽም። መዳፌ ተላጠ። እናቴ ሰምታ «አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የምትወጣን ሴት ማን ያገባታል?» አለችኝ። «ጣሪያው ላይ የማገኘው» አልኳት። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ከዚያ ሞጣ የአክስቴ ጎረቤት አረፉና እናቴን ወክዬ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ የሟች ወንድም ነበሩ፤ ከባሕር ዳር የመጡ ሽማግሌ። የእንጨት ጀልባ አላቸው ሲባል ሰማሁ። ነዳጅ ስለጠፋ ሞተሩ ቆሞ፣ ሸራ ሰቅለው እህልና ማገዶ ያመላልሳሉ፤ ሸራውን የሚይዘው ሠራተኛም ትቷቸው ሄዷል። አክስቴ ሐሳቤ ገብቷት ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን፣ ልጄ።»

«ጀልባዎ ላይ ሰው ይፈልጋሉ አሉ።»

«ኧረ በማርያም» አለች አክስቴ ከኋላዬ፣ «ሰልስቱ እንኳ ሳይወጣ።»

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ውሃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ገመድ አስራለሁ። ደሞ የምመጣው ከጀልባው ልወርድ አይደለም።»

ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ይመስለኛል። «ዋና የሚችሉትንም ቀብረናል» አሉኝ። «የፊታችን ቅዳሜ ነይ። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አይቼሽ እነግርሻለሁ።»

ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄድኩ። ጋሼ መሪው ላይ፣ የቀራቸው አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ ሠራተኛ ከፊት፣ እኔ የሸራው ገመድ ላይ ተቀመጥን። ሸራው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ላይፍ ጃኬት እሳቸው ራሳቸው አጥልቀው አጠበቁልኝ።

«ገመዱን በእጅሽ ያዢ። ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ። በቃ፣ ሥራሽ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ ያዝኩ። እጄ ሲዝል ግን ያለኝን ሙያ ላሳያቸው ፈለግሁ። አግዳሚው እንጨት ላይ ጠምጥሜ፣ ጫኞቹ እንዳስተማሩኝ ደራርቤ አሰርኩት። ኮራሁም።

ነፋሱ ከጎን መጣ። ጀልባዋ ተጋደመች።

«ልቀቂ» አሉ።

ልፈታው ሳብኩት። የቢቸና ቋጠሮ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ውሃው በጠርዙ ገብቶ ከረጢቶቹን አራሰ። ጋሼ መሪውን ጥለው በጭነቱ ላይ ተሻግረው ገመዱን በቢላ ቆረጡት። ሸራው ተርገፈገፈና ጀልባዋ ቀና አለች።

ጋሼ አግዳሚው ላይ የቀረውን ቋጠሮ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እንዲህ ማሰር ማን አስተማረሽ?»

«የቢቸና ጫኞች።»

«ጎበዞች ናቸው። እነሱ የሚያስሩት እንዳይፈታ ነው። እኛ ስናስር መፍቻውን አስቀድመን ነው።»

ሠራተኛው በዚያ ቀን መጀመሪያ አፉን ከፈተ። «እህቴ፣ ፍትሐት ልታስደርጊልን ነበር እኮ።»

ዳር ስንደርስ ጋሼ ጃኬቱን አውልቀው ወሰዱና «በይ፣ በሰላም ግቢ» አሉኝ። «ቅዳሜ ነይ» የሚል አልነበረበትም። ገባኝ። የተቆረጠችውን ቁራጭ ገመድ አንሥቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

አጥፍቻለሁ፤ ሦስት ሰው ልገድል ነበር። ግን አንድ ቀን ያጠፋ ወንድ «ይለምዳል» ይባላል። እኔም እለምዳለሁ። ቢቸና ተመልሼ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚፈታ ቋጠሮ ከስልኬ እያየሁ አልጋዬ እግር ላይ አሰርኩ፣ ፈታሁ። ዓይኔን ጨፍኜ። እጄን አርሼ። ጫኞቹ ዘንድ ወስጄ በጉልበት አስጎተትኳቸው፤ ያዘ። ጫፉን እኔ ስስበው ተፈታ። «ይሄ እህል አይጭንም» አሉ። አይጭንም።

በቀጣዩ ቅዳሜ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ተከፈተና ሄድኩ።

«ማን ጠራሽ?» አሉ ጋሼ።

«ማንም።»

«ሰው ይዣለሁ።»

«የታለ?»

ሠራተኛው ወደ ውሃው እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው አልነበረም። ወጣሁና አግዳሚው ላይ ገመዱን አሰርኩ። «ይሞክሩት» አልኳቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ዋናውን ገመድ ጎተቱ፤ ያዘ። ጫፉን በአንድ ጣት ሳቡ፤ ተፈታ። ደግሜ አሰርኩት፤ ደግመው ሳቡ። ከዚያ የተፈታውን ገመድ መዳፌ ላይ አኖሩት። «ቢሆንም በእጅሽ ነው የምትይዢው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በእጄ ነው የምይዘው። መንገድ ክፍት በሆነ ሳምንት አርብ ሞጣ አክስቴ ዘንድ አድራለሁ፤ እሷም እያጉረመረመች ስንቅ ትቋጥርልኛለች። ጋሼ ይቆጡኛል፣ ነፋሱን ሳይደርስ ከውሃው ገጽ አንብቢው ይሉኛል፣ አንዳንዴ አነበዋለሁ። እስካሁን «ተቀብዬሻለሁ» የሚል ቃል አልወጣቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ጭነቱ ሲገባ ሄጄ ገመዱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሊያስወርዱኝ ከፈለጉ አፍ አውጥተው ይናገሩ።