የእናቴ ቀለበት አራተኛው ጎን

ከሟች እናቴ የወረስኩት ባለ ቀይ ድንጋይ ቀለበት ሰፋኝና እንዲያጠብቡልኝ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ላሉ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ወሰድኩት። እሳቸው ግን የጣቴን ልክ ትተው ድንጋዩን በማጉያ መነጽር ማገላበጥ ያዙ።

«ይሄን የቆረጠው ሰው ምን ነክቶት ነው?» አሉ። «ሦስቱ ጎን እንደ ምላጭ የተሳለ ነው፤ አራተኛው ጎን ግን ጠርዝ የሚባል የለውም። እንደገና ልሞርደው?»

ደሜ ፈላ። እናቴ ስትሳሳለት የኖረችውን ቀለበት እንደ ተበላሸ ዕቃ ሲያሙት መስማት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ በጣም ነበር የምትጠነቀቅለት! የቆሼ ከተማን በርበሬ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በእጇ እየፈጨች፣ እሱን ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ስትፈጭ እንኳ እንዳይጎዳባት ድንጋዩን ወደ መዳፏ ታዞረው ነበር።»

ሽማግሌው መነጽሩን ከዓይናቸው አነሱ።

«ወደ መዳፏ? መጁን በምትይዝበት በኩል?»

«አዎ።»

ቀለበቱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«እንግዲያው ቆራጩን ያለ ጥፋቱ ነው ያማሁት። ይሄን ጎን የሞረደችው እናትሽ ናት፤ አንቺን ስታስተምር።»