የሌላ ሰው አያት

ሐይቅ ከተማ፣ ከምሠራበት ቪዲዮ ቤት በር ላይ የታጠቁ ሰዎች ያዙኝ። ጦርነቱ ከአካባቢያችን ገና መራቁ ነበር። "ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ" አሉና እህል መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነቀዝ በሚሸት ጆንያ ላይ ተቀምጠናል።

ሥራዬ የውጭ ፊልም እየተረጎሙ ማውራት መሆኑን እስረኞቹ ሲሰሙ "እስቲ አንድ ንገረን" አሉኝ። አንድ የፈረንሳይ ኮሜዲ መረጥኩ። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ያልገባኝን ከኪሴ እሞላለሁ። ሁለት ቂሎች ሀብታም እናግታለን ብለው በስህተት ወጥ ሠሪውን አፍነው ይወስዳሉ። ታጋቹ ወጣቸውን ቀምሶ "ጨው የለውም" ብሎ ሲቆጣቸው መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ እንኳ ሳቀ።

ያልሳቁት አንድ የአምባሰል ገበሬ ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌ።

"አንተ ልጅ፣ ሰውየው እሱ እንዳልሆነ ካወቁ ለምን አልለቀቁትም?"

"ፊታቸውን አይቶባቸዋል፣ አባባ።"

"ወላሂ፣ እኔም የነዚህን ፊት አይቻለሁ" አሉ።

የያዟቸው በሌላ ሰው ፋንታ ነው። ተፈላጊው በስምም በአባት ስምም ከሳቸው ጋር አንድ ነው። የአያቱ ስም ግን ይለያል። የሳቸው አያት ክርስቲያን ነበሩ፣ በእኛ አገር ማንንም የማይደንቅ ነገር። ከሌላ አገር የመጣው መርማሪ ግን መታወቂያቸው ላይ የአያታቸውን ስም አይቶ "እስላም የክርስቲያን አያት ከየት ያመጣል? መታወቂያው ፎርጅድ ነው" ብሎ ደመደመ።

ጠዋት ጠዋት ስማችን እስከ አያት ይጠራል። አቤት ያለ ዳቦ ይቀበላል። እሳቸው ዝም ይላሉ።

"አቤት ቢሉ ምን አለበት፣ አባባ?"

"በሰው አያት ዳቦ አልበላም።"

ከየድርሻችን ስንቆርስላቸው ግን ቢስሚላህ ብለው ይበሉ ነበር።

አንድ ጠዋት መኪና መጣ። ያ የሳቀው ጠባቂ ያንኑ ስም ጠራ። አልመለሱም። ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው። "እሳቸው አይደሉም" ማለት ነበረብኝ። በፈረንጅ ሁሉ ፋንታ ስናገር የኖርኩት ሰው፣ ጆንያዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሳቸው ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱ። ከዚያ የራሳቸውን ስም፣ ያባታቸውን፣ ያያታቸውን ጮክ ብለው ጠሩና "አቤት!" ብለው ራሳቸው መለሱ። ወጡ።

ከተፈታሁ በኋላ ልጃቸው አፈላልጋ አገኘችኝ። የት እንደወሰዷቸው አላውቅም። የማውቀውን ይህንኑ ነገርኳት።

"አባቴ እስከ አያቱ ጠራ?" አለችኝ።

"እስከ አያታቸው።"

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ "አንተስ ምን አልክ?" ብላ ጠየቀችኝ።