በጎቹ ያመለጡኝ ደሴት

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሥራ ስወጣ ኬቲ ቴክስት አደረገችልኝ። አባቷ ስላረጁ በጎቻቸውን ሸጠዋል። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኬቲ የኮሌጅ ሩምሜቴ ነበረች፤ ሜን የምትባለው የሰሜን ጠረፍ ግዛት ልጅ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሰኔ ላይ ቤተሰቧ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እናቴ የእንጀራ ድርቆሽ ቋጠረችልን፤ ቀኑን ሙሉ ነዳን። መንገዱ እየጠበበ፣ ጥዱ እየበዛ፣ አየሩ ጨው ጨው እያለ ሄደ።

የኬቲ አባት ሰው በማይኖርበት ትንሽ ደሴት ላይ በግ ያረቡ ነበር። አጥር የለ፣ እረኛ የለ፤ ዙሪያው አለትና አትላንቲክ ነው። በዓመት አንዴ በጀልባ ሄደው ሰብስበው ይሸልቷቸዋል።

እራት ላይ፣ "ኢትዮጵያ ብዙ በግ አለ ይባላል። ታውቂበታለሽ?" አሉኝ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በግ የማውቀው ለበዓል ዋዜማ ግቢያችን ታስሮ ነው።

"በደንብ" አልኳቸው።

በማግስቱ ሰባት ሆነን በጀልባ ደሴቱ ላይ ወጣንና፣ ተራርቀን ተሰልፈን፣ መንጋውን ለሸለታ ወደተሠራው በረት መንዳት ጀመርን። እኔን፣ አዋቂዋን፣ ዋናው መተላለፊያ ላይ አቆሙኝ። አንዲት ትልቅ በግ ቀጥ ብላ ስትመጣብኝ ገለል አልኩላት። መንጋው በሙሉ ተከትሏት አለፈ። የግማሽ ቀን ልፋት በእኔ አንድ እርምጃ ከንቱ ሆነ። ጊዜም የለንም፤ ባሕሩ በየዕለቱ ከዳር ሲሸሽ ውሃው ይጎድልና ጀልባችን አለት ላይ ትቀራለች።

ወደ ኬቲ አባት ሄድኩ። "በግ ነድቼ አላውቅም። ዋሽቼዎት ነው።"

ባሕሩን አዩ፣ እኔን አዩ። "ቀድመሽ ብትነግሪኝ የምልሽ አንድ ነገር ነበር። እጅሽን ዘርግተሽ ቁሚ። ትቆማለች።"

"ባትቆምስ?"

"ትጥልሻለች። ትነሻለሽ። ወይስ ሌላ ሰው ልተካ?"

"አይ፣ እኔው ልቁም።"

እንደገና ነዳናቸው። ያቺው በግ መጣች። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፣ መሬቱን በእግሯ መታች፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ዞራ ወደ በረቱ ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ውሃው ሳይጎድል ሸልተን ጨረስን።

ማታ በዓሣ ሾርባ ድርቆሹን በላን። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት፣ "እረኛ ልትሆኚ ነው አሜሪካ ያመጣሁሽ?" ብላ ሳቀች።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ አዳዲስ ነርሶችን አሠለጥናለሁ። ቶሎ ብላ "አውቃለሁ" የምትለኝን ሁለቴ እጠይቃታለሁ። "አላውቅም" ያለችኝን ግን አሠራሩን አሳያትና ከባዱን ሥራ ለእሷው እሰጣታለሁ። እንዲህ ያሉት እስካሁን አላሳፈሩኝም።