የሌለችውን ላም ያሳዩን አያ ጌጡ

የቁሐር ሚካኤሉ አያ ጌጡ ባለፈው እሑድ ማለዳ ዐርፈው በደብራቸው ተቀብረዋል። ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው መርዶውን የማደርሰው እጄ እየከበደኝ ነው።

እኔ ከሌላ ዞን ወደ ወረታ የተመደብሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከብት ማየት ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። የድሃ ላም ምጥ ሲይዛት ሳይጠሩ የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ የየሰፈሩ ከብት ወደ ጉብታው ወጥቶ ይደባለቃል። መስከረም ላይ «የኔ ናት፣ የኔ ናት» ሲመጣ ሽማግሌዎች የሚያስጠሩት አያ ጌጡን ነበር። «ቀንዷን ተይው፤ አተያይዋን ያዢ» ይሉኝ ነበር። አንዴ ያዩትን ከብት አይረሱም ነበር።

ካቻምና እኔ ወደምሠራበት የከብት ክሊኒክ ድረስ መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «ልጄ፣ ቀንዷን ሳይ ላሟ ትጠፋብኛለች፤ ላሟን ሳገኝ ቀንዷ የለም። የሞቱትም ከቆሙት ጋር ይቆሙብኛል። ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፣ ከእንግዲህ አልመስክር። የሰው ሐቅ ይዤ አልሙት።»

ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ዓይናቸው ደህና ነው፣ የመርሳት በሽታ ጀምሯቸዋል፣ ያዩትን አሰባስቦ መያዝ ያቃተው አእምሯቸው ነው ተባልን። እኔ ሞኟ ስማቸውን አዋርዳለሁ ብዬ ለሽማግሌዎቹ ሳልነግር ቀረሁ። እሳቸውም ረሱትና መስከረም ላይ ሲጠሯቸው ሄዱ።

ጠቡ በወይዘሮ ስንዱና በጎረቤታቸው መካከል ነበር፤ በአንዲት ቡሬ ላም። ወይዘሮ ስንዱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእሷ ሌላ ከብት የላቸውም። አያ ጌጡ ላሟን አልፈው ሄዱና ባዶው ሣር ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው አየሩን ዳበሱት።

«የስንዱማ ይቺ ናት። ግራ ጆሮዋ ተሰንጥቋል። ምነው እንዲህ ራሰች? ጭራዋ ውሃ ያንጠባጥባል።»

ሁላችንም ሣሩን አየን። ምንም አልነበረም። የታሰረችው ላም ግን ወደዚያው ባዶ ቦታ ዞራ ጆሮዋን ቀሰረች። ወይዘሮ ስንዱ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ላም እንደ ነበረቻቸውና ከብዙ ዓመት በፊት ጎርፍ እንደ ወሰዳት የሰማሁት በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የቆመችው የስንዱ አይደለችም ማለታቸው ነው» ብለው ላሟን ለጎረቤትየው ሰጡ። ወይዘሮ ስንዱ «እሳቸው ካሉ ይሁን» አሉና ገመዱን ለቀቁ። እኔ በሽታቸውን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ትዝ ባላቸው ቁጥር «ነገርሽልኝ?» ይሉኝ ነበር። «አዎ» እላለሁ። ፊታቸው ፈካ ይላል። ደቂቃ ሳይቆይ ደግመው ይጠይቁኛል፤ እኔም ደግሜ እዋሻለሁ።

አያ ጌጡ፣ መምህሬ፣ አልነገርሁም ነበር። ትናንት በሠልስትዎ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ፍርዳቸውን ስለሻሩ ላሟ ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ስንዱ ደጅ ገብታለች። ሐቁን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ንጹሕ ነዎት። በሜዳው ሳልፍ ግን አሁንም ከጎኔ «ነገርሽልኝ?» ይሉኛል። አዎ፣ አያ ጌጡ። አሁን እውነቴን ነው፤ ይረፉ።